የማስታወስ ኪኒን አላችሁ?

የምሠራው ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። «እናቴ መርሳት አብዝታለች፣ የማስታወስ ኪኒን አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አላጣም። አንዳንዱ ደግሞ ኪኒኑን ራሱ ይዞ ይመጣል። ምን እንደሆነ እንዳነብለት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ባለፈው ዓመት ከሆጤ በኩል አንዲት እናት መጡ። ጥቁር ፌስታላቸውን ባንኮኒው ላይ አድርገው አራት ብልቃጥ ደረደሩ። ጊንኮ፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ እና መልቲቫይታሚን። የላከችው ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው ናት። በስልክ ሲያወሩ አንዱን ነገር ሦስቴ ቢጠይቋት ደንግጣ ነው። «ልጄ ለፍታ የላከችውን እንዴት አልውጠውም?» አሉኝ። ስለ መርሳትና ስለ ቫይታሚን በየቀኑ የምሰማው ስህተት አብዛኛው በዚያ ፌስታል ውስጥ ነበር።

«ጊንኮ ለማስታወስ ነው የተሠራው»

ጊንኮ የሚወጣው ከአንድ ዛፍ ቅጠል ነው። ብልቃጡ ላይ የአንጎል ሥዕል አለበት፣ ሥዕሉ ሰው ያሳምናል። ነገር ግን በደንብ ተፈትኗል። አሜሪካ ውስጥ 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 3,069 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ በቀን ሁለት ጊዜ 120 ሚሊ ግራም ጊንኮ ወሰዱ። ግማሾቹ ደግሞ መልኩ አንድ ዓይነት፣ ውስጡ ግን መድኃኒት የሌለው ኪኒን ተሰጣቸው። ስድስት ዓመት ገደማ ተከታተሏቸው። በ2008 (እዚህ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ውጤቱ ሲወጣ፣ የመርሳት በሽታ ጊንኮ በወሰዱትም ላይ ከሌሎቹ አላነሰም።

የዓሣ ዘይቱም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። በ2015 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸውን ሰዎች ለ5 ዓመት ተከታትሎ፣ ዘይቱ ማስታወስ ላይ ያመጣው ለውጥ አላገኘም። ዓሣውን መብላት ሌላ ነገር ነው። ሐይቅ ለኛ ቅርብ ነው፤ ከዚያ የሚመጣ ዓሣ ያገኘ ሰው ቢበላ ደስ ይለኛል። ካፕሱሉን ግን የዓሣው ምትክ አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የመርሳት በሽታን ለመከላከል ተብሎ ቢ ቫይታሚኖች፣ ቫይታሚን ኢ፣ እንደ ዓሣ ዘይት ያሉ ቅባቶችና የተደባለቁ ቫይታሚኖች እንዳይታዘዙ መክሯል።

«መልቲቫይታሚን ግን ተረጋግጧል»

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብኝ። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው ወደ 6,000 የሚጠጉ ወንድ ሐኪሞች ለ12 ዓመት ተከታትለዋቸው፣ መልቲቫይታሚን የወሰዱት ከሌሎቹ የተሻለ አላስታወሱም። ይህ በ2013 የወጣ ነው። በ2023 ግን ከ3,500 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑትን የያዘ ሌላ ጥናት ትንሽ ጥቅም አሳየ። በየቀኑ መልቲቫይታሚን የወሰዱት ከአንድ ዓመት በኋላ ቃላትን በማስታወስ ከሌሎቹ በጥቂቱ በለጡ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የመርሳት በሽታን ይከላከላል ማለትም አይደለም።

ስለዚህ ገንዘቡ ካለና ሐኪም ካልከለከለ እኔ አልቃወምም። ገንዘቡ የሚወጣው ከእንቁላልና ከወተት ላይ ተቀንሶ ከሆነ ግን፣ እባካችሁ እንቁላሉን ግዙ።

«ቫይታሚን ምን ይጎዳል? ደግሞስ ከአሜሪካ የመጣ ነው»

ይጎዳል። እኚያ እናት ለልባቸው አስፕሪን ይወስዳሉ። ጊንኮና በብዛት የሚወሰድ ቫይታሚን ኢ ደም እንዳይረጋ ያደርጋሉ። አስፕሪን ሲጨመርበት የመድማት አደጋ ይከተላል። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው ደግሞ ይብሳል። ቫይታሚን ዲ ከመጠን ሲያልፍ ካልሲየም ደም ውስጥ ይበዛና ሰውን ራሱ ግራ ያጋባዋል። ለማስታወስ ብሎ የወሰደው ሰው የባሰ ይረሳል ማለት ነው።

ከአሜሪካ መምጣቱም ዋስትና አይሆንም። እዚያ በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት እንዲህ ያለውን ምርት የሚሸጥ ድርጅት፣ ከመሸጡ በፊት እንደ መድኃኒት ፈዋሽነቱን እንዲያስመሰክር አይጠየቅም። ብልቃጡን አዙራችሁ ትንሹን ጽሑፍ አንብቡት። በሽታን ለማከምም ሆነ ለመከላከል የታሰበ እንዳልሆነ ራሱ ይነግራችኋል።

«ጥቁር አዝሙድና ማር ይበቃል»

ሁለቱም ጥሩ ምግብ ናቸው። ጥቁር አዝሙድ ግን ማስታወስ ላይ እንደ ጊንኮ በረጅምና በትልቅ ጥናት አልተፈተነም። ማሩን ደግሞ ስኳር ያለበት ሰው ይጠንቀቅ።

«የምንበላው ሁሉን ነገር ይሰጠናል»

ወደ እኚያ እናት ልመለስ። ብልቃጦቹን ሰብስበው ሲወጡ አንድ ነጠላ ጫማቸው ደፉ ላይ ቀረ። እሳቸው አላወቁም። ባዶ እግራቸውን ሁለት እርምጃ ሄዱ። ጫማውን አንስቼ ደረስኩባቸውና «እማማ፣ አልተሰማዎትም?» አልኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እግሬ ጥጥ ላይ የምሄድ ይመስለኛል» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለስኳራቸው ሜትፎርሚን እንደሚወስዱ የነገሩኝ ያኔ ነው።

ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ አንጀት ቫይታሚን ቢ12ን እንዳይወስድ ያደርጋል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ። ዕድሜ ራሱ የጨጓራን አሲድ ስለሚቀንስ ቢ12 ከምግቡ ተላቆ አይወጣም። የዚህ ቫይታሚን እጥረት እግር ያደነዝዛል፣ ሚዛን ያሳጣል፣ ያስረሳል። በጊዜ ከተደረሰበት ደግሞ ይታከማል።

ጤፋችንን እወደዋለሁ፣ ሽሯችንንም። ቢ12 ግን የላቸውም። ቢ12 ያለው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ውስጥ ነው። ጉበት ለዓመታት ስለሚያከማቸው አንድ የጾም ወቅት ጉዳት አያመጣም። አጽዋማቱን ሁሉ ሳያጓድሉ ለሚጾሙ አዛውንቶች ግን፣ በፍስኩም ቀን ሥጋና ወተት ካላገኙ፣ ክምችቱ ቀስ እያለ ያልቃል። ነገሩ የጾም ብቻ እንዳይመስላችሁ። እኚያ እናት ሙስሊም ናቸው። እንቁላሉን ለገበያ፣ ወተቱን ለልጅ ልጅ ብለው ለራሳቸው የሚያስቀሩት ሽሮውን ነበር። ስንቱ ቤት እንዲህ ነው!

መልቲቫይታሚኑ ውስጥ ቢ12 አለ፤ እጥረት ውስጥ ለገባ ሰው ግን መጠኑ አይበቃም። ሌላም ነገር አለ። ፎሊክ አሲድ የተባለው ሌላው የቢ ቫይታሚን ብቻውን ሲወሰድ፣ ከቢ12 እጥረት የሚመጣውን የደም ማነስ ያስተካክልና የቢ12 እጥረቱን ይደብቀዋል፣ ነርቩ ግን መጎዳቱን ይቀጥላል።

ሐኪም ዘንድ ላክኋቸው። ተመርምረው የቢ12 መርፌ ተጀመረላቸው። ከወራት በኋላ ሲመጡ ጫማቸው ከእግራቸው አልወለቀም፣ የልጃቸውንም የስልክ ወሬ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ሌሊት ሌሊት እግራቸው አሁንም ያቃጥላቸዋል። ብዙ የቆየ የነርቭ ጉዳት ሙሉ በሙሉ አይድንም። ብልቃጥ ሲጠብቁ ያለፈው ጊዜ ነው የሚያንገበግበኝ።

«እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል»

ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት እርጅና ሊሆን ይችላል። አርባ ዓመት የሠሩት ወጥ አሠራሩ ሲጠፋቸው፣ ከሰኞ ገበያ ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ሲጠፋቸው ግን እርጅና ብሎ ማለፍ አይገባም። ምክንያቱ ይፈለግ። የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ ያስረሳል፣ ያደክማል፣ ብርድ ብርድ ያሰኛል። እኛ ደግሞ «የደሴ ብርድ ነው» ብለን ጋቢ እንደርብላቸዋለን። ሐዘንና ድብርትም ያስረሳሉ። እንቅልፍ የሚያመጡት የአለርጂና የጉንፋን ኪኒኖች፣ እነ ክሎርፌኒራሚን፣ አዛውንትን ያደነዝዛሉ። ለድብርት የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንና ለጭንቀት የሚታዘዘው ዲያዜፓምም እንደዚያው።

ጆሮም አለ። ቡና ላይ ከአቦል እስከ በረካ ዝም ብለው የሚቀመጡ እናት የረሱ ይመስሉናል፤ ምናልባት ወሬው አልተሰማቸውም ይሆናል። በ2024 ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጡና ልንቀይራቸው የምንችላቸውን 14 ነገሮች ዘርዝሯል። እነዚህ ቢስተካከሉ 45 በመቶ የሚሆነው የመርሳት በሽታ ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብሏል። የመስማት ችግር፣ የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ማጨስና ብቸኝነት ከእነዚያ ውስጥ ናቸው።

አንዱ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ትናንት ደህና የነበሩ አዛውንት ዛሬ ድንገት ከዘባረቁ፣ ሰው ካልለዩ፣ ቀኑን ሙሉ ካንቀላፉ፣ የሽንት ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን፣ የውሃ ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ስትሮክም ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይወሰዱ። የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ፣ ከዐረብ አገር የመጣውንም ጨምራችሁ፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።