ታቦር ምንድን ነው? መነሻውን ሳያዩ ስለ ጣሪያው ማውራት

«ታቦር የወጪ ጣሪያ ነው። የዋጋ ንረት ስለሚታሰብበት አገልግሎት አይቀንስም።» ይቺን ማብራሪያ ሰሞኑንም ከአንድ ተንታኝ ሰማኋት። ኧረ እንደሱ አይደለም!

ስሙ ቡሄን ቢያስታውስም ከደብረ ታቦር ጋር አይገናኝም። የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት መራጮች እ.ኤ.አ. በ1992 ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ያስገቡት የግብር ከፋዮች መብት ድንጋጌ የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው። ግዛቱ ከሚሰበስበው ገቢ ማስቀረት የሚችለው በዋጋ ንረትና በሕዝብ ቁጥር ዕድገት ልክ ብቻ እያደገ ይሄዳል። ትርፉ መራጩ ካልፈቀደ ለግብር ከፋዩ ይመለሳል። ዴንቨርና አውሮራ ያላችሁ በ2022 የመጣውን የ750 ዶላር ቼክ ታስታውሳላችሁ።

ግን ዕድገቱ የሚሰላው ከምን ተነስቶ ነው? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ቤተሰብ «የዘንድሮ አስቤዛ ካምናው የሚበልጠው ገበያው በጨመረው ልክ ብቻ ነው» ብሎ ተፈራረመ እንበል። አባት ሥራ ፈታ፤ የወሩ አስቤዛ ከ10,000 ብር ወደ 8,000 ወረደ። በዓመቱ ሥራውም ደሞዙም ተመለሰ። ገበያው 4 በመቶ ጨምሯል። ውሉ የሚፈቅደው 8,320 ብር ነው። የድሮውን ቀለብ ለመግዛት ግን 10,400 ያስፈልጋል። ብሩ እኮ ቤት ውስጥ አለ! ልጆቹ ግን ችግር በገባበት ዓመት ልክ እየበሉ ይቀራሉ። አያትየውም መድኃኒት አለባቸው፤ የመድኃኒት ዋጋ ደግሞ ከሽሮ ዋጋ ጋር እኩል አይሄድም። የግዛት መንግሥት በብዛት የሚከፍለው ለሕክምናና ለትምህርት ነው።

ኮሎራዶ ላይ የሆነው ይኸው ነው። በ2001 ኢኮኖሚው ሲቀዛቀዝ ገቢው ወረደ፣ ገደቡም አብሮ ወረደ። በ2005 መራጮች ገደቡን ለአምስት ዓመት አቆሙት፤ ከገቢው ጋር ቁልቁል የሚንሸራተትበትንም አሠራር አስቀሩት። ስለዚህ የዛሬው ታቦር የ1992ቱ አይደለም። ያ ተንታኝ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። በ2006 ሜይን፣ ነብራስካና ኦሪገን ተመሳሳይ ሐሳብ ለመራጭ አቅርበው ሦስቱም ጋ ወድቋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የፌዴራል ገንዘብ ከገደቡ ውጪ ነው። «ጠቅላላ በጀቱ በዚህን ያህል አደገ፣ ታቦር አልሠራም» የሚሉም የተለያየ ኪስ ነው የሚደምሩት።