በተነሳ ክላስተር ላይ ኤንድ ቱ ኤንድ ቴስት ማስኬድ ምንድነው?

ኤንድ ቱ ኤንድ ቴስት፣ በአጭሩ ኢቱኢ የሚባለው፣ አንድ ቁራጭ ኮድ ሳይሆን ሙሉ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ መስራቱን የሚያይ ቴስት ነው። ዩኒት ቴስት አንድ ፈንክሽን ይጠራል፣ መልሱን ያያል፣ አለቀ፣ ሰርቨርም ኔትዎርክም አይፈልግም። ኢቱኢ ግን እውነተኛ ሰርቨር ይፈልጋል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሆነ ሰው ወይ የሆነ ስክሪፕት ማሽኖቹን ከክላውድ ወስዶ፣ ሶፍትዌሩን ጭኖባቸው፣ እርስ በርስ አገናኝቶ ክላስተሩን፣ እንደ አንድ ሆነው አብረው የሚሰሩትን የማሽኖች ስብስብ ማለት ነው፣ ማንሳት አለበት፣ ፕሮቪዥን ማድረግ የሚባለው ይሄ ነው፣ ቴስቱ ከዛ በኋላ ነው እንደ ማንኛውም ተጠቃሚ ከውጪ መጥቶ ይሄን ስራልኝ የሚለው። ብዙ ቦታ ሁለቱን አንድ ስክሪፕት ውስጥ ቀላቅለው ታገኟቸዋላችሁ፣ ለኔ ግን መለየት አለባቸው፣ ካልተለዩ ቴስት ሲወድቅ የወደቀው ኮዱ ይሁን ክላስተሩ መጀመሪያም በደንብ ያልተነሳ ይሁን ማወቅ አትችሉም።

ጥሩ ምሳሌ ኩበርኔትስ ነው። ጉግል በ2014 ለህዝብ የለቀቀው፣ ኮንቴይነሮችን፣ ማለትም ከሚያስፈልጋቸው ነገር ጋር አብረው የታሸጉ ፕሮግራሞችን፣ ብዙ ማሽን ላይ አከፋፍሎ የሚያስኬድ ሲስተም ነው፣ የራሱ ኢቱኢ ቴስቶች ደግሞ በጎ ቋንቋ ተጽፈው ጊንኮ በሚባል ፍሬምወርክ ነው የሚሄዱት። ሁሉም ኮምፓይል ተደርገው አንድ ፕሮግራም ይሆናሉ፣ ለዛ ፕሮግራም የምትሰጡት ዋና ነገር ኩብኮንፊግ ነው፣ የክላስተሩ አድራሻና መግቢያው ያለበት ፋይል ማለት ነው። ክላስተሩ ጉግል ላይ ይሁን አማዞን ላይ ይሁን ላፕቶፓችሁ ላይ አብዛኞቹ ቴስቶች ግድ የላቸውም፣ የክላውዱን ዲስክ ወይ ሎድ ባላንሰር (ከውጪ የሚመጣውን ጥያቄ ለማሽኖቹ የሚያከፋፍለውን) የሚነኩት ናቸው የት እንዳሉ ማወቅ የሚፈልጉት።

መለየቱ ደግሞ ፕሮግራሙ ውስጥም አለ። ገና አንድም ቴስት ሳይጀምር ኖዶቹ፣ ማለትም የክላስተሩ ማሽኖች፣ ስራ ለመቀበል ዝግጁ መሆናቸውን፣ የሲስተሙ ፖዶች (ፖድ አብረው የሚሄዱ አንድ ወይ ከዛ በላይ ኮንቴይነሮች ነው) መነሳታቸውን ያያል፣ ካልሆኑ ይጠብቃል፣ ጠብቆ ጠብቆ እምቢ ካሉ እዛው ያቆማል። በዚህ ምክንያት ክላስተሩ ሲታመም መቶ ቴስት ቀይ ሆኖ አያስደነግጣችሁም።

እስቲ አንዱን ቴስት ቀረብ ብለን እንየው። ሰርቪስ መነሳትና መውረድ መቻሉን የሚያይ አለ፣ ሰርቪስ ማለት ከኋላው ላሉ ፖዶች አንድ የጋራ አድራሻ ሆኖ ጥያቄውን የሚያከፋፍልላቸው ነገር ነው። መጀመሪያ የራሱን ኔምስፔስ፣ ክላስተሩ ውስጥ ለብቻው የተከለለ ቦታ ማለት ነው፣ ይፈጥራል፣ ከዛ ሁለት ሰርቪስ ያነሳል፣ እያንዳንዳቸው ከኋላቸው 3 ፖድ አላቸው፣ ፖዶቹ ሲጠየቁ የሚመልሱት ነገር የራሳቸውን ስም ብቻ ነው። ቴስቱ ክላስተሩ ውስጥ ሌላ ፖድ አቁሞ ከዛ ሆኖ የሰርቪሱን አድራሻ ደጋግሞ ይጠይቃል፣ ሶስቱም ስሞች እስኪመጡለት፣ ምክንያቱም ሁሌ አንዱ ብቻ ከመለሰ ሰርቪሱ ስራውን እያከፋፈለ አይደለም ማለት ነው። ቀጥሎ አንደኛውን ሰርቪስ ያጠፋና መልስ መስጠት ማቆሙን ያያል፣ ሁለተኛው ሳይነካ መቀጠሉንም ያያል፣ በመጨረሻ ሶስተኛ ሰርቪስ ያነሳል። በቃ ይሄው ነው፣ ሲያዩት ቀላል ይመስላል።

ግን ከስሩ ምን እየሆነ እንደሆነ አስቡት፣ የክላስተሩ መግቢያ በር የሆነው ኤፒአይ ሰርቨር ጥያቄውን ተቀብሎ ዳታቤዙ ላይ ይጽፋል፣ ስኬጁለሩ ኖድ ይመርጣል፣ እዛ ኖድ ላይ ያለው ኩብሌት የሚባል ፕሮግራም ኢሜጁን፣ ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን ጥቅል፣ አውርዶ ኮንቴይነሩን ያስነሳል፣ ፖዱ ዝግጁ ነኝ ሲል አድራሻው ሰርቪሱ ስር ይመዘገባል፣ ከዛ እያንዳንዱ ኖድ ላይ ያለው ኩብ ፕሮክሲ የኔትዎርክ ህጎቹን ይቀይራል። ከነዚህ አንዷ ብትበላሽ የእያንዳንዱ ክፍል ዩኒት ቴስት አረንጓዴ ሆኖ ሰርቪሱ ላይሰራ ይችላል። ኢቱኢ ውድም ዘገምተኛም ሆኖ ሰው የማይተወው ለዚህ ነው።

እዚህ ሰንሰለት ላይ እያንዳንዱ እርምጃ በራሱ ሰዓት ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ኤፒአይ ሰርቨሩ እሺ አለ ማለት ፖዱ ተነሳ ማለት አይደለም። አዲስ ሰው ኢቱኢ ሲጽፍ መጀመሪያ የሚያደርገው 30 ሰከንድ ስሊፕ፣ ዝም ብለህ ጠብቅ የሚል ትዕዛዝ፣ መክተት ነው፣ ክላስተሩ ፈጣን ሲሆን 30 ሰከንዱ ብክነት ነው፣ ቀርፋፋ ሲሆን ደግሞ አይበቃም፣ ያው ቴስቱ አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል፣ ፍሌኪ የሚባለው ጣጣ እንዲህ ነው የሚመጣው። ትክክለኛው መንገድ የሚፈለገው ነገር እስኪሆን እየደጋገሙ መጠየቅ፣ የሆነ ገደብ ሲያልፍ ደግሞ ምን እየጠበቀ እንደነበር ተናግሮ መውደቅ ነው። ታይም አውት ሆነ ብቻ ብሎ የሚሞት ቴስት ማንንም አይረዳም!

ቴስቶቹ ጊዜ ለመቆጠብ አንድ ክላስተር ላይ በአንድ ጊዜ ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዱ የራሱ ኔምስፔስ ስላለው አይነካካም። ሁሉም ግን እንደዛ ጨዋ አይደለም፣ ኖድ ሪስታርት የሚያደርግ ቴስት አለ፣ እሱ እየሄደ ሌሎቹ ቢሮጡ እነሱም ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ስማቸው ላይ ምልክት ይለጠፋል፣ ሲሪያል የተባለው ብቻውን ይሂድ ነው፣ ዲስራፕቲቭ የተባለው ክላስተሩን ይረብሻል፣ ስሎው፣ ፍሌኪ፣ እያለ ይቀጥላል፣ እናንተ ደግሞ የትኞቹ እንዲሄዱ የትኞቹ እንዲዘለሉ ትመርጣላችሁ። ኮንፎርማንስ የሚል ምልክት ያላቸው ለብቻቸው ይታያሉ፣ አንድ ካምፓኒ የራሱን የኩበርኔትስ ምርት ሰርቶ ሰርተፍኬት ከፈለገ እነሱን ማለፍ አለበት፣ ይሄን የሰርተፍኬት ፕሮግራም ሲኤንሲኤፍ፣ የኩበርኔትስ ፕሮጀክት ያለበት ድርጅት፣ የጀመረው በ2017 ነው። የምታስኬዱት የቴስት ፕሮግራም ቨርዥን ከክላስተሩ ቨርዥን ጋር ይግጠም፣ አዲስ ቴስት በአሮጌ ክላስተር ላይ አስኪዶ ወደቀ ማለት ዝም ብሎ ድካም ነው።

ከዛ የገንዘቡ ነገር አለ። ቴስቱ ሲያልቅ ክላስተሩ ካልፈረሰ ማሽኖቹ ሂሳብ መቁጠራቸውን አያቆሙም፣ ማፍረሻው ስክሪፕት ላፕቶፓችሁ ላይ ከሆነና መሀል ላይ መብራት ከሄደ፣ እዚህ አዲስ አበባ ያለን ሰዎች የምናውቀው ነገር ነው፣ ቴስቱ ሞቶ ክላስተሩ በዶላር እየበላ ይቀራል። የኩበርኔትስ ፕሮጀክት ራሱ ለዚህ ቦስኮስ የሚባል ነገር አለው፣ ለእያንዳንዱ የቴስት ስራ አንድ የክላውድ አካውንት ያውሰዋል፣ ሲመለስ የተረፈውን ሁሉ የሚጠርግ ሌላ ፕሮግራም ይገባበታል፣ ተበዳሪው ድምጹ ከጠፋ ደግሞ ይነጠቃል። እናንተ ይሄን ያህል መሄድ የለባችሁም፣ ማፍረሻውን ቴስቱ ወደቀም አለፈም እንዲሄድ ማድረግ፣ እድሜያቸው ያለፈ ክላስተሮችን የሚገድል ሌላ ስራ ደግሞ ክላውዱ ላይ ማስቀመጥ ይበቃል።

ለልምምድ ከሆነ ግን ክላውድ ውስጥ መግባትም አያስፈልግም። ካይንድ የሚባለው መሳሪያ እያንዳንዱን ኖድ የዶከር ኮንቴይነር አድርጎ ላፕቶፕ ላይ ክላስተር ያነሳላችኋል፣ መጀመሪያ የተሰራውም ኩበርኔትስን ራሱን ለመፈተን ነው። የክላውድ ሎድ ባላንሰር የለውም፣ የማሽን መሞትንም በትክክል አያሳይም፣ የቀረውን አብዛኛውን ግን ይሸፍናል።

ቴስት ሲወድቅ ደግሞ ክላስተሩን ለማፍረስ አትቸኩሉ፣ በቅድሚያ የየኖዱን የኩብሌት ሎግ፣ የፖዶቹን ሎግና የኔምስፔሱን ኢቨንቶች ወደ ውጪ አውጡ፣ ኢሜጁ ማውረድ አቅቶት ይሁን ሜሞሪ አልቆ ይሁን እዛ ላይ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፣ ክላስተሩ ከፈረሰ በኋላ የሚጠየቅ ማሽን የለም።