ባለ ሰማያዊ ነጠብጣቡ ሬይና የበረሃ ጽጌረዳ
በሳይንሳዊ ስሙ አዴኒየም ኦቤሰም የሚባለው የበረሃ ጽጌረዳ ከድሬዳዋና ከሐረር ወደ ሶማሌ ክልል በሚዘልቀው ደረቅና ድንጋያማ ቆላ ማንም ሳይተክለው የሚበቅል አባቢ ተክል ነው። ታኤኒውራ ሊማ የተባለው ባለ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሬይ ደግሞ ከቀይ ባሕር አንሥቶ እስከ ሰለሞን ደሴቶች ድረስ በኮራል ሪፎች (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በሚሠሯቸው ዐለት መሰል ክምችቶች) አካባቢ የሚኖር ጠፍጣፋ ዓሣ ነው። ንጽጽሩ እንግዳ ቢመስልም፣ ሁለቱም ወደ ሳይንስ መዝገብ የገቡት በአንድ ሰው እጅ ነው። ከዴንማርክ ወደ ዓረቢያ በተላከው የጥናት ቡድን ውስጥ የነበረው ስዊድናዊው ፒተር ፎርስኮል እ.ኤ.አ. በ1763 በየመን ሲሞት፣ ከቡድኑ ብቻውን የተረፈው ካርስተን ኒቡር የሟቹን ጽሑፎች በ1775 አሳተመ፤ ተክሉም ሬዩም የተገለጹት በእነዚሁ ጽሑፎች ነው።

ተክሉ በዝናብ ወቅት ያገኘውን ውኃ ባበጠው ግንዱ ውስጥ ያከማቻል፤ ድርቁ ሲበረታ ቅጠሉን አራግፎ ብዙ ጊዜ በራቆት ቅርንጫፉ ላይ ሮዝ አበባ ያፈካል። የሬዩ ኑሮ ግን ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ጋር የተያያዘ ነው። ውኃው ሲሞላ ጥልቀት ወደሌለው አሸዋ ወጥቶ ሸርጣን፣ ትልና ዛጎል ለበስ እንስሳትን ይመገባል፤ ሲጎድል ተመልሶ ከኮራሉ ሥር ይሸሸጋል። የአካሉ ስፋት 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ልጆቹን በእንቁላል ሳይሆን በሕይወት ይወልዳል።

ንጽጽሩ ይበልጥ ፍሬ የሚሰጠው በመርዛቸው ላይ ነው። የሬዩ መርዝ በጅራቱ ላይ ባለው እሾህ ብቻ የተወሰነ ስለሆነ፣ ሰው ሳያየው ሲረግጠው ወይም ሲይዘው ካልወጋ በቀር አይጎዳም። መርዙ በዋናነት ከፕሮቲን የተሠራ በመሆኑ በሙቀት ይዳከማል፤ የተወጋን እግር በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ሕመሙን የሚያስታግሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፣ ምንም እንኳ ቁስሉ የሐኪም ምርመራ ቢያስፈልገውም። የበረሃ ጽጌረዳ መርዝ በአንጻሩ በነጩ ፈሳሹ አማካይነት በመላ አካሉ የተሠራጨና የልብን ምት የሚያዛባ ነው። እሳትም አያጠፋውም፤ እንዲያውም በአፍሪካ ልዩ ልዩ አካባቢዎች አዳኞች ሥሩንና ግንዱን ለረጅም ሰዓት በማፍላት አወፍረው የቀስት ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ስለዚህ በጓሮው ይህን ተክል የሚገርዝ ሰው ጓንት ቢያደርግ፣ እጁንም ሳይታጠብ ዓይኑን ባይነካ ይበጀዋል።

ውበታቸው ሁለቱንም ለሽያጭ ዳርጓቸዋል። ተክሉ ከዘርም ከቁራጭም ይባዛል፣ ውኃም ካልበዛበት በቀር በሸክላ ማሰሮ ለዓመታት ይኖራል፤ ሬዩ ግን በመስታወት ገንዳ ውስጥ ብዙ ጊዜ መመገብ አቁሞ ይሞታል።