«ዕድሜዬ አለፈ»፣ «ወንድ ያስመስለኛል»፦ ስለ ብረት መግፋት የምንሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት ስፖርት የሚሠራ ሰው አይጠፋም። መስቀል አደባባይ ደረጃውን የሚወጣና የሚወርድ፣ እንጦጦ ላይ የሚሮጥ፣ በየሰፈሩ ተሰብስቦ ኤሮቢክስ የሚሠራ አለ። በጣም ደስ ይላል። የጎደለን ጡንቻን የሚያጠነክረው ልምምድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባወጣው መመሪያ፣ አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። በዚያ ላይ ደግሞ ዋና ዋና ጡንቻዎችን የሚያሠራ የጥንካሬ ልምምድ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ይጨምራል። የመጀመሪያውን ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ሁለተኛው የወጣት ወንዶች ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል። እንዲህ ያደረጉት ከሰው ሰው የተቀባበልናቸው፣ አንዳንዴም ከአሠልጣኝ አፍ የሰማናቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ናቸው። ከብረት ያራቁትም በተለይ የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች፣ እናቶቻችንንና አባቶቻችንን ነው።

«በዚህ ዕድሜዬ ብረት?»

ከሁሉም የሚጎዳው ይህ ስለሆነ በእሱ ልጀምር። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቦስተን ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ 10 ሰዎች የጭን ጡንቻቸውን ለ8 ሳምንት በከባድ ክብደት እንዲያሠሩ ተደረገ። ዘጠኙ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ 174 በመቶ ጨመረ፤ ከነበረበት ሦስት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ማለት ነው። በምርመራ ሲታይም የጭናቸው ጡንቻ 9 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ተገኘ። ጥንካሬው ከጡንቻው መጠን ይህን ያህል የቀደመው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሠለጥነው በዋናነት የነርቭ ሥርዓት ስለሆነ ነው። ተኝተው የኖሩ የጡንቻ ክሮችን አንጎል እንደገና ማዘዝ ይጀምራል።

ሰው ከ30 ዓመቱ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ የሚሆን የጡንቻ መጠን ያጣል፤ ከ60 በኋላ ደግሞ ይፈጥናል። አስቀድመው የሚሳሱት ፈጣን የሚባሉት የጡንቻ ክሮች ናቸው። እነዚህ ክሮች እግር ሲደናቀፍ ሰውነትን ቶሎ የሚይዙ ናቸው። ለዚህ ነው አንድ አዛውንት እንደ ልባቸው ሲራመዱ ቆይተው ምንጣፍ አደናቅፏቸው የዳሌ አጥንታቸው የሚሰበረው። ከአጭር በርጩማ መነሣት፣ ሚኒባስ መሳፈር፣ ቤተ ክርስቲያን ሰግዶ ወይም መስጊድ ሱጁድ አድርጎ ቀና ማለት፣ ሁሉም የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ሥራ ነው።

እዚህ ላይ አክብሮታችን ራሱ እንደሚጎዳ መናገር አለብኝ። «እማዬ አንቺ ቁጭ በይ፣ እኔ አመጣዋለሁ»፤ «አባባ ይቀመጡ፣ ይዤልዎታለሁ»። ዕቃውን ከእጃቸው እንቀበላለን፣ ሲነሡ ብብታቸውን ይዘን እናነሣለን። በፍቅር ነው የምናደርገው። ግን ለጡንቻቸው የቀረችውን ትንሽ ሥራ እየወሰድንባቸው ነው። አቅሙ ካላቸው ራሳቸው ይነሡ፤ እኛ አጠገባቸው እንቁም።

መጀመሪያው ቀላል ነው። ግድግዳ ተደግፎ በቆመ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ እጅን ደረት ላይ አጣምሮ፣ 8 ወይም 10 ጊዜ መነሣትና ቀስ ብሎ መቀመጥ። አረፍ ብሎ መድገም፣ እንደገና መድገም። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን። ሲቀል ዝቅ ያለ ወንበር ይመጣል። እሱም ሲቀል ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልቶ ደረት ላይ ማቀፍ ነው፤ 2 ኪሎ ተጨመረ። ዋናው መጨመሩ ነው። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው ትንሽ በላይ ሲጠየቅ ነው። ለ25 ዓመት ልጅም፣ ለ80 ዓመት እናትም ሕጉ አንድ ነው።

«ሴት ልጅ ብረት ከነካች ወንድ ትመስላለች»

ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን በአዋቂ ወንድ ደም ውስጥ ከሴቷ 15 እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ሴት ስትሠለጥን ትጠነክራለች፣ ጡንቻዋም ይዳብራል፤ ሳታስበው ግን አንድ ቀን ጠዋት ወፍራም ክንድ ይዛ አትነሣም። በፎቶ የምናያቸው ግዙፍ ሴት ስፖርተኞች ለዓመታት በቀን በቀን የለፉ፣ ምግባቸውን በግራም የሚመዝኑ፣ አንዳንዶቹም ሆርሞን የሚወስዱ ናቸው።

ይህ ፍርሃት የሚያሳዝነኝ በመልክ ጉዳይ አይደለም፤ በአጥንት ነው። የወር አበባ ከቆመ በኋላ ኤስትሮጅን የተባለው የሴት ሆርሞን ሲቀንስ አጥንት በፍጥነት ይሳሳል። በ2018 በታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አጥንታቸው የሳሳ፣ የወር አበባቸው የቆመ 101 ሴቶች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ቡድን በሳምንት 2 ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ለ30 ደቂቃ፣ ባለሙያ አጠገባቸው ቆሞ ከባድ ብረት አነሣ። ሌላው ቤቱ ሆኖ ቀላል እንቅስቃሴ ሠራ። ከ8 ወር በኋላ ከባድ ያነሡት የታችኛው አከርካሪ አጥንታቸው ጥግግት 2.9 በመቶ ጨመረ፤ የቀላሎቹ 1.2 በመቶ ቀነሰ። በከባዱ ቡድን የተመዘገበው ጉዳት አንድ ቀላል የወገብ መሸማቀቅ ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ ጂም ገብታ «ለሴት ይበቃል» ተብላ ባለ 1 ኪሎ ዳምቤል የምትቀበለውን ሴት አስቡ። ያቺው ሴት 20 ሊትር ውኃ በጀሪካን ተሸክማ፣ ልጇን አዝላ ዳገት የወጣች ልትሆን ትችላለች። አሠልጣኞች፣ እባካችሁ እህቶቻችንን አታሳንሷቸው። አነሣሡን በቀላል ክብደት አስተምሩ፣ ከዚያ ጨምሩላቸው።

«ሩጫ ጉልበት ይጨርሳል፣ ብረት መገጣጠሚያ ይበላል»

በ2017 ብዙ ጥናቶችን አጠቃልሎ የታተመ ትንተና ያገኘው ይህን ነው፦ ለጤናቸው ከሚሮጡ ሰዎች መካከል የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የታየባቸው 3.5 በመቶ ናቸው። ከማይሮጡትና ቁጭ ብለው ከሚውሉት ደግሞ 10.2 በመቶ። ለውድድር በከፍተኛ ደረጃ የሚሮጡት 13.3 በመቶ ነበሩ፤ ልክ ያለፈ ጫና እንደሚጎዳም እንግዲህ አይካድም። መገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንቱን ጫፍ የሸፈነው ልስልስ አካል የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው እየተጫነና እየተለቀቀ፣ ልክ እንደ ስፖንጅ ፈሳሹን ሲያስገባና ሲያስወጣ ነው። በዚያ ላይ የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና ይጋራል። ለዚህ ነው ጉልበቱ ለተበላ ሰው የሚታዘዘው የመጀመሪያ ሕክምና ልምምድ የሆነው። አብጦ የቀላ ወይም ድንገት የታጠፈ ጉልበት ግን አስቀድሞ ለሐኪም ይታይ።

«በማግስቱ ካላመመኝ አልሠራሁም ማለት ነው»

ሁለት ስህተት አብሮ ይሄዳል፦ ሕመሙ የላክቲክ አሲድ ነው የሚለው እና ሕመም የጥሩ ሥራ ምልክት ነው የሚለው። ላክቲክ አሲድ ሥራው ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከጡንቻ ይጸዳል። የማግስቱ ሕመም ግን ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው የሚብሰው። በ1983 የታተመ ሙከራ ይህን በግልጽ አሳየ። ሜዳ ላይ የሮጡት ላክቲክ አሲዳቸው ከፍ አለ፣ በማግስቱ ግን አላመማቸውም። ቁልቁል የሮጡት ላክቲክ አሲዳቸው እምብዛም ሳይጨምር ታመሙ። ጡንቻን የሚያሳምመው እየተለጠጠ ክብደት መሸከሙ፣ ያልለመደውንም ሥራ መሥራቱ ነው። ከእንጦጦ በእግሩ የወረደ ሰው ሳይደክመው ቤቱ ገብቶ በማግስቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅተው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሕመም የሚናገረው ሥራው አዲስ እንደነበር ነው። እድገትህን ማወቅ ከፈለግህ ያነሣኸውን ኪሎና የደገምከውን ብዛት ደብተር ላይ ጻፍ። አዲስ መጤን በመጀመሪያው ቀን ረፍርፎ ቤቱ የሚልክ አሠልጣኝም ጥሩ አሠልጣኝ አይደለም፤ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። ከከባድ ሥራ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ ግን ጡንቻ ተጎድቶ ኩላሊትን የሚያሰጋ ነገር ሊሆን ይችላልና ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ነው።

«ሲት አፕ ቦርጭ ያጠፋል፣ ላስቲክ ጠቅልለህ ሩጥ»

ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ከጡንቻው በላይ ያለው ስብ ግን ለየትኛው ጡንቻ እንደለፋህ አያውቅም፤ ኃይል ሲያስፈልግ ከመላው ሰውነት ነው የሚወጣው። በ1971 ተመራማሪዎች ዓመታት በአንድ እጃቸው ብቻ ራኬት የያዙ የቴኒስ ተጫዋቾችን ሁለት ክንድ ለኩ። የሚመቱበት ክንድ ወፍሮ ነበር፤ ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ግን በሁለቱም ክንድ እኩል ሆኖ ተገኘ።

ሆድ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ መሮጥማ ፈጽሞ ይቅር። ሚዛን ላይ የሚቀንሰው ውኃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። በ1997 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ ትግል ስፖርተኞች በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ሞተዋል። ላብ የማያሳልፍ ልብስ ለብሰው፣ በሞቀ ክፍል ውስጥ፣ ክብደት ለመቀነስ ሲለፉ ነበር። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር ያን ልብስ ከለከለ።

«ጾም ላይ ጡንቻ አይገነባም፤ የፕሮቲን ፓውደር የግድ ነው»

ጥንካሬ ለሚሠራ ሰው በጥናት ሲታይ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ በቀን እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ድረስ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ ብዙም አይጨምርም። ለ60 ኪሎ ሰው 96 ግራም መሆኑ ነው። 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ባቄላና ሽምብራም ከዚያ አይርቁም። እህል የሚጎድለውን ላይሲን የሚባል ንጥረ ነገር ጥራጥሬ ስለሚሞላ፣ እንጀራ በሽሮና በምስር የተጣጣመ ማዕድ ነው። ችግሩ መጠኑ ነው፦ ሰፊ እንጀራ ላይ አንድ ጭልፋ ቀጠን ያለ ሽሮ። በጾም ወቅት ሽሮውን አወፍሩት፣ ምስሩን ጨምሩ፣ ባቄላ ቆሉ፣ ለውዝና ሱፍ አክሉ። ከጾም ውጭ አንድ እንቁላል 6 ግራም ይሰጣል።

ፓውደር ምግብ ነው፤ የተመቸው ቢጠቀም ነውር የለውም። ዌይ የሚባለው ግን ከወተት ስለሚሠራ የፍስክ ነው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ከሆነ ደግሞ ተጠንቀቁ። በ2004 የታተመ ምርመራ ከ13 አገሮች የተሰበሰቡ 634 የስፖርት ማሟያዎችን ፈትሾ በ94ቱ ውስጥ መለያው ላይ ያልተጻፈ ሆርሞን አግኝቷል።

«ስታቆም ጡንቻው ወደ ስብ ይቀየራል»፣ «ልጅ ብረት ካነሣ ይቀጭጫል»

ጡንቻና ስብ የተለያዩ ሕዋሳት ናቸው፤ አንዱ ሌላውን አይሆንም። ልምምድ ያቆመ ሰው ጡንቻው ይሳሳል፣ እንደ ድሮው እየበላ ከቀጠለ ደግሞ ስብ ይጨምራል። ልጆችን በተመለከተም በአዋቂ ክትትል፣ በልክ፣ በትክክለኛ አነሣሥ የሚሠሩት ልምምድ ቁመት እንደሚያጫጭ የሚያሳይ ማስረጃ የለም።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምሠራው»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ የእውነት የደከማቸው ናቸው፦ ቤይሩትና ዱባይ ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች፣ አሜሪካ አረጋውያን የሚያነሡና የሚያስተኙ የነርስ ረዳቶች፣ ግንባታ ላይ የሚውሉ ወንድሞች። ኮፐንሃገን ውስጥ ከ104 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት፣ በትርፍ ጊዜ የሚሠራ እንቅስቃሴ ከዕድሜ መርዘም ጋር ሲያያዝ፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ግን ከልብ ሕመምና ከሞት መጨመር ጋር መያያዙን አሳይቷል። ሥራ ላይ አንድ ዓይነት ጫና ዕረፍት ሳያገኝ ለሰዓታት ይደጋገማል፤ ልምምድ አጭር ነው፣ ክብደቱ ይመጠናል፣ ጡንቻ የሚጠገንበት ቀንም አለው። እንዲህ ለደከመ ሰው ሰዓታት የሚፈጅ ፕሮግራም መስጠት ግፍ ነው። በሳምንት 2 ጊዜ 20 ደቂቃ፣ ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕና ክብደት ወደ ሰውነት መሳብ ይበቃዋል። ወገቡም ሥራውን የበለጠ ይችላል።

«ግፊት ያለበት ሰው ብረት አይንካ»

ብረት ሲነሣ ግፊት ለጊዜው ይወጣል፣ በተለይ ትንፋሽ ተይዞ ሲገፋ። ለወራት የሚሠራ ሰው ግን ዕረፍት ላይ ያለው ግፊቱ በጥቂቱ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የግፊት ታማሚ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ፣ በቀላል ክብደት ብዙ እየደገመ ይጀምር፤ ሲያነሣ ትንፋሹን ያውጣ፣ ሲመልስ ያስገባ። ግፊቱ 180 በ110 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የማህፀን መውረድ ያለባት ሴት መጀመሪያ ሐኪም ያማክሩ። ልምምድ ላይ ደረት ላይ መጨምደድ፣ ራስ ማዞር ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ብረቱ እዚያው ይቀመጥ፣ ሰውየውም በዚያው ቀን ይመርመር።