የኅዳር በሽታን ቫይረስ ፍለጋ፦ ከአዲስ አበባ ጭስ እስከ አላስካ በረዶ

ኅዳር 12 ቀን አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ ትጨሳለች። ግቢው ይጠረጋል፣ ቆሻሻው ደጃፍ ላይ ይከመራል፣ እሳት ይለቀቅበታል። ኅዳር ሲታጠን ነው። ልማዱ የሚያያዘው በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር ከተማዋን ካጠቃው ወረርሽኝ ጋር ነው። በሽታው በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ክፉኛ ታመው ነው የተረፉት።

እኛ የኅዳር በሽታ ያልነውን ሌላው ዓለም የስፓኝ ጉንፋን ብሎታል። ከዓለም ሕዝብ ሲሶ ያህሉን እንደያዘና ቢያንስ 50 ሚሊዮን ሰው እንደገደለ ይገመታል። በሽታን በጭስ ማባረር ዛሬ ፈገግ ያሰኘን ይሆናል። ግን ያን ጊዜ የበርሊንና የቦስተን ሊቃውንትም የሚያባርሩትን ነገር አያውቁትም ነበር። ይባስ ብሎ ብዙዎቹ የሚያውቁት ይመስላቸው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስህተቱ የሚጀምረው በ1892 ነው። ጀርመናዊው ሪቻርድ ፋይፈር ከሕሙማን አክታ ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አገኘና የኢንፍሉዌንዛ (የከባዱ ጉንፋን) መንስኤ ይህ ነው አለ። ፋይፈር የታላቁ የባክቴሪያ ሊቅ የሮበርት ኮኽ ሰው ስለነበር ቃሉ ይሰማል። በ1918 ወረርሽኙ ሲመጣ ሐኪሞች ያንን ባክቴሪያ በየሬሳው ሳንባ ይፈልጉ ጀመር። በአንዱ ይገኛል፣ በሌላው ይጠፋል። ክትባትም ተሠራበት። የተሠራው ግን በአጃቢው ላይ ነበር፤ ዋናው ገና አልታየም።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቦስተን ወደብ ላይ የተደረገው ሙከራ የዘመኑን ግራ መጋባት ከሁሉ በላይ ያሳያል። 62 የባሕር ኃይል እስረኞች ምሕረት ይደረግላችኋል ተብለው ለመታመም ፈቀዱ። የሕሙማን አክታ አፍንጫቸውና ጉሮሯቸው ውስጥ ተጨመረ። አልታመሙም። አሥሩ ደግሞ ሆስፒታል ተወሰዱ። እያንዳንዱ አልጋው አጠገብ ይቀመጣል፣ በሽተኛውን ይጨብጣል፣ አምስት ደቂቃ ያወራል። በሽተኛው የሚያወጣውን ትንፋሽ ይስባል። በመጨረሻ በሽተኛው አምስት ጊዜ ፊቱ ላይ ይስልበታል። ይህ በአሥር በሽተኞች ተራ በተራ ተደገመ። ሚሊዮኖችን የጨረሰ በሽታ ከአሥሩ አንዱን እንኳ አልያዘም። አንዳንዶቹ ቀድሞ በቀላሉ ይዟቸው ለቋቸው ሊሆን ይችላል። ሐኪሞቹ ግን የሚሉት ጠፋቸው።

ወደ እውነቱ ቀረብ ያሉት አፍሪካ ውስጥ፣ ቱኒስ የነበሩት ሻርል ኒኮልና ሻርል ለባይ ናቸው። አክታውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አሳለፉት፤ የተጣራው ፈሳሽም ያሳምማል ብለው በ1918 ጻፉ። ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር፣ ቫይረስ፣ አለ ማለት ነው። ብዙ ሰሚ ግን አላገኙም።

ቫይረሱን ከሰው ለይቶ ማውጣት የተቻለው በ1933 ለንደን ውስጥ ነው። ዊልሰን ስሚዝ፣ ክሪስቶፈር አንድሩስና ፓትሪክ ሌድሎ የታማሚ ጉሮሮ እጣቢ ወስደው ፌሬት በምትባል ቀጭን ሥጋ በል እንስሳ አፍንጫ ውስጥ ጨመሩት። ፌሬቷ እንደ ሰው ታመመች። ቆይቶም አንዲት ፌሬት የባልደረባቸው የቻርልስ ስቱዋርት ሃሪስ ፊት ላይ አነጠሰችበት። ሁለት ቀን ሳይሞላው አተኮሰው። ከጉሮሮው ያው ቫይረስ ተገኘ። የቦስተኑ ሙከራ ያላሳየውን አንዲት ማስነጠስ አሳየችው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ቫይረሱን በጫጩት እንቁላል ማርባት ተቻለ። በ1941 ጆርጅ ኸርስት ቫይረሱ ያለበት ፈሳሽ ከዶሮ ደም ጋር ሲገናኝ ቀይ የደም ሕዋሳቱ እንደሚጓጎሉ አስተዋለ። ቫይረስ በዓይን አይታይም፤ የተጓጎለ ደም ግን ይታያል። ርካሽና ፈጣን ምርመራ በዚሁ ተገኘ። ክትባቱን ቶማስ ፍራንሲስና ዮናስ ሶልክ ለአሜሪካ ጦር አዘጋጁ፤ በ1945 ለሲቪሉም ተፈቀደ። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ቫይረሱ መልኩን ቀየረና ክትባቱ ከሸፈ። የጉንፋን ክትባት በየዓመቱ የሚታደሰው ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1952 የዘረጋው የላቦራቶሪዎች መረብም የቫይረሱን መለዋወጥ ይከታተላል። እኛ ዘንድ የኢንፍሉዌንዛ ናሙና የሚመረምረው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ኮሮና ሲመጣም የመጀመሪያውን ምርመራ የተሸከመው እሱ ነው።

ያም ሆኖ የ1918ቱ ገዳይ ራሱ አልተገኘም ነበር። ሰዎቹ ተቀብረዋል፣ ቫይረሱም አብሮ ተቀብሯል። ዮሃን ኸልቲን የተባለ ስዊድን ተወላጅ ተማሪ ግን አንድ ነገር አሰበ፦ መቃብሩ በረዶ ውስጥ ቢሆንስ?

ብሬቪግ ሚሽን የአላስካ የኢንዊት መንደር ናት። ከኅዳር 15 እስከ 20 ቀን 1918 ድረስ ከ80 አዋቂዎቿ 72ቱ ሞቱ። በእኛ አቆጣጠር ከኅዳር 6 እስከ 11 ቀን 1911 ዓ.ም. ማለት ነው። አዲስ አበባም ሬሳዋን ስትቀብር የከረመችው በዚያው ኅዳር ነው። የመንደሯ ሰዎች የተቀበሩበት መሬት ዓመቱን ሙሉ ከሥሩ አይቀልጥም። ኸልቲን በ1951 የሽማግሌዎቹን ፈቃድ ጠይቆ፣ አፈሩን በእሳት እያቀለጠ ቆፈረ። የሳንባ ቁራጭ አገኘ። ናሙናው እንዳይቀልጥበት ከእሳት ማጥፊያ በሚወጣ ጋዝ እያቀዘቀዘ ወደሚማርበት ወደ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ይዞት ገባ። እንቁላል ላይ ሞከረ፣ ፌሬት ላይ ሞከረ። ቫይረሱ ሞቷል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ያልተሳካለት ለበጎ ነው፤ ያን የመሰለ ገዳይ በ1951 ጥንቃቄ ላቦራቶሪ ውስጥ ቢነሳ ምን ይከተል ነበር?

አርባ ስድስት ዓመት አለፈ። በ1997 ጄፍሪ ታውበንበርገርና አን ሪድ ዋሽንግተን ካለ የጦር ሠራዊት የሕክምና ማኅደር፣ በ21 ዓመቱ የሞተ ወታደር ሳንባ አወጡ። ሰም ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ሥጋ ነው። ከሱም የቫይረሱን ዘረመል ቁርጥራጭ እንደተቀዳደደ ብራና ለቃቅመው አነበቡ። ናሙናው ግን ትንሽ ነበር። ኸልቲን ጽሑፉን ሲያነብ 72 ዓመቱ ነው። ደብዳቤ ጻፈ። ብዙም ሳይቆይ በገዛ ገንዘቡ፣ የሚስቱን የአትክልት መቀስ ይዞ ወደዚያችው መንደር ተመለሰ።

በዚህኛው ቁፋሮ የአንዲት ወፍራም ሴት አስከሬን አገኘ። ስቧ ሳንባዋን ከመበስበስ ጠብቆታል። ኸልቲን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና አያት። ስምም አወጣላት፤ ሉሲ አላት። ስሙን የወሰደው ከኛይቱ ድንቅነሽ ነው፤ አፋር ላይ በ1974 ተገኝታ የሰውን አመጣጥ ካበራችው። ሳንባውን ከፋፍሎ፣ አንዱ መንገድ ላይ ቢጠፋ ሌላው እንዲደርስ በተለያየ ጥቅል ላከው። ሁሉም ደረሰ። ከመመለሱ በፊት ለመቃብሩ ሁለት ትልልቅ የእንጨት መስቀሎች ሠርቶ ተከለ።

በሉሲ ሳንባ እገዛ ስምንቱም የቫይረሱ ዘረመል ክፍሎች በ2005 ተነበው አለቁ። ኤች1ኤን1 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከወፎች ቫይረስ ጋር የሚቀራረብ። በዚያው ዓመት አትላንታ በሚገኘው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ቴረንስ ተምፒ ቫይረሱን እንደገና ሠራው። ላቦራቶሪው የሚገባው ብቻውን ነበር፣ ባልደረቦቹ ማታ ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ። ለጥንቃቄም የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት ይወስድ ነበር። አይጦቹ በቀናት ውስጥ አለቁ። የሞተን ገዳይ ማስነሳት ምን አመጣው ብለው አጥብቀው የተከራከሩ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። እኔም ልቤ ሁለት ቦታ ነው።

ከዚህ ሁሉ ምን ታወቀ? የ1957፣ የ1968 እና የ2009 ወረርሽኞች ቫይረሶች የዚያ የ1918ቱ ዘሮች ናቸው። የድሮ የሳንባ ናሙናዎች ሲመረመሩ ደግሞ አብዛኛው ሰው የሞተው ቫይረሱ በከፈተው በር በገባ የባክቴሪያ የሳንባ ምች ነው። የፋይፈር አጃቢዎችም ንጹሕ አልነበሩም ማለት ነው። ከ20 እስከ 40 ዓመት ያለው ጎልማሳ ለምን በብዛት እንደረገፈ ግን እስካሁን ያከራክራል።

በ2008 ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ91 እስከ 101 የሆኑ 32 ሰዎችን ደም ወሰዱ። በወረርሽኙ ጊዜ ሕፃናት የነበሩ ናቸው። ሁሉም ደማቸው ውስጥ ያንን ቫይረስ የሚያውቅ ፀረ እንግዳ አካል ተገኘ፣ ከ90 ዓመት በኋላ። ከአንዳንዶቹ ሕዋስ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል ተምፒ ባስነሳው ቫይረስ ለተያዙ አይጦች ተሰጠ። አይጦቹ ተረፉ።