«ኮምፒውተር ላይ ሰካውና ሩት አድርገው»፦ ስለ ሩት የሚነገሩ ስህተቶች እና እውነታው

ስልክ ጥገና ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ የሚውል ሰው ደጋግሞ ከሚሰማቸው ቃላት አንዱ «ሩት» ነው። ስልኬ ተንቀራፈፈ፣ ሩት አድርግልኝ። ፎቶ ጠፋብኝ፣ ሩት አድርግልኝ። ከአሜሪካ የተላከልኝ ስልክ የእኛን ሲም አልቀበልም አለ፣ ሩት አድርግልኝ። የጎግል አካውንቴን ረሳሁት፣ እርሱም ሩት ነው መፍትሔው። ቃሉ እንደ ጠበል ለበሽታው ሁሉ ይታዘዛል። ይባስ ብሎ ጠያቂው ቪዲዮ አይቶ ስለሚመጣ፣ ሥራው አምስት ደቂቃ እንደማይፈጅ ለእኔው ያስረዳኛል። አንድ በአንድ መመለስ ስለሰለቸኝ ጻፍኩት። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሩት ምንድን ነው? አንድሮይድ የተሠራው በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የስልኩን አካላት በሚያዝዘው የሶፍትዌር እምብርት ላይ ነው። በሊኑክስ እያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ 0 የሆነው ሩት ይባላል፤ የማይከፈትለት ፋይል የለም ማለት ይቻላል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ መተግበሪያ የየራሱ ቁጥር ተሰጥቶት በየክፍሉ ተለይቶ ይኖራል። ልጅዎ የጫነው ጨዋታ የባንክ መተግበሪያዎን ፋይሎች መክፈት የማይችለው ለዚህ ነው። ያን የ0 ቁጥር ሥልጣን የስልኩ ባለቤት እንኳ አይሰጠውም። ሩት ማድረግ ማለት ይህን ሥልጣን ማግኘት ነው፤ ሌላ ተአምር የለበትም።

«ሩት፣ ፍላሽ፣ አንሎክ፣ ሁሉም ያው ነው»

ያው አይደለም። ፍላሽ ማድረግ የስልኩን ሶፍትዌር እንደገና መጫን ነው። ሲም አለመቀበል ስልኩን የሸጠው የቴሌኮም ኩባንያ ያደረገው እስራት ነው፤ በትክክል የሚፈታውም ራሱ ኩባንያው ነው፤ አሜሪካ ያለው ዘመድዎ ስልኩን ከመላኩ በፊት ደውሎ ቢያስፈታው ይቀላል። ስልኩ ከተደመሰሰ በኋላ የድሮውን የጎግል አካውንት የሚጠይቀው መቆለፊያ ደግሞ በ2015 ከአንድሮይድ 5.1 ጋር የመጣ የሌባ መከላከያ ነው። እርሱን ክፈትልኝ የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የግዢ ደረሰኝ እጠይቃለሁ። አንዳንዱ ይቀየመኛል።

«ሩት ስልክ ያፈጥናል፣ ራም ይጨምራል»

ራም ቺፕ ነው። ባለ 2 ጊጋባይት ስልክ ሩት ሆነም አልሆነም ባለ 2 ጊጋባይት ነው። ከፋብሪካ ተጭነው የመጡ የማይፈለጉ መተግበሪያዎች ከሆኑ የሚያስቸግሩዎት፣ ኤዲቢ በሚባለው የጎግል ነጻ መሣሪያ ከኮምፒውተር ሆኖ ብዙዎቹን ያለ ሩት ከተጠቃሚው ላይ ማንሳት ይቻላል።

«ሩት ወንጀል ነው»

በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ባወጣው የቅጂ መብት ውሳኔ የገዛ ስልክን ቁልፍ መስበር ከክልከላው ውጪ ሆኗል። ዋስትና ግን ሌላ ነገር ነው፤ አምራቹ ዋስትናውን ቢነፍግዎት አይደነቁ።

«አንዴ ሲጫኑት ማንኛውንም ስልክ ሩት የሚያደርግ ፕሮግራም አለ»

ነበረ። ይህን የሚሉ ሰዎች አልዋሹም፣ ዘመኑ ነው ያለፈባቸው። በ2008 የወጣው የመጀመሪያው የአንድሮይድ ስልክ፣ ጂ1 የተባለው፣ አስቂኝ ጉድ ነበረበት፦ በቁልፍ ሰሌዳው የሚጻፈው ነገር ሁሉ ከበስተጀርባ በሩት ሥልጣን ለሚሠራ ትእዛዝ ተቀባይ ጭምር ይደርስ ነበር። ለጓደኛዎ በሚልኩት መልእክት መካከል «ሪቡት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ለብቻው ጽፈው ወደ ቀጣዩ መስመር ቢያልፉ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳ ነበር። ጎግል በፍጥነት ደፈነው። በ2014 ታውልሩት የሚባል መተግበሪያ የከርነሉን ቀዳዳ ተጠቅሞ በአንድ ንክኪ ብዙ ስልኮችን ሩት ያደርግ ነበር። በኮምፒውተር የሚሠሩት ተመሳሳይ ፕሮግራሞችም በዚያው ዘመን አበቡ።

የሁሉም ምስጢር አንድ ነው፦ ያልተደፈነ የደኅንነት ቀዳዳ። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ጎግል በየወሩ የደኅንነት ማስተካከያ ማውጣት ጀመረ። ከአንድሮይድ 7 ወዲህ ደግሞ አዲስ ስልክ ሲነሳ ሶፍትዌሩ የአምራቹ መሆኑን ይፈትሻል፤ ተነካክቶ ካገኘው አልነሳም ይላል። እንግዲህ የዛሬ ስልክ ይዘው ያን ፕሮግራም ከየትም አውርደው ሲያስኬዱ፣ «መጀመሪያ ፀረ ቫይረሱን አጥፉ» የሚልዎት ለምን ይመስልዎታል? ለስልኩ ሩት አያገኝለትም፤ ኮምፒውተርዎ ውስጥ ግን ምን ትቶ እንደሚሄድ እግዜር ይወቀው።

አሁን የሚሠራው መንገድ ይህ ነው። ሴቲንግ ውስጥ ቢልድ ነምበር የሚለውን ሰባት ጊዜ በመንካት የዲቬሎፐር አማራጮች ይወጣሉ፤ ኦኢኤም አንሎኪንግ የሚለው ይበራል። ስልኩ ፋስትቡት ወደሚባለው ገጽ ገብቶ በኬብል ይገናኝና ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውና ሶፍትዌሩን የሚፈትሸው ፕሮግራም) እንዲከፈት ከኮምፒውተሩ ትእዛዝ ይላካል። በልክ የስልኩ ሞዴልና ቢልድ ቁጥር ከሆነው ሶፍትዌር ውስጥ ስልኩ የሚነሳበት ቡት ኢሜጅ የተባለው ፋይል ይወጣል፤ ማጂስክ በተባለው መተግበሪያ ይስተካከላል፤ ተመልሶ በኮምፒውተሩ ስልኩ ላይ ይጻፋል። ሳምሰንግ ከሆነ በፋስትቡት ፋንታ ኦዲን የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ትእዛዝና ፋይል ከማመላለስ ያለፈ ድርሻ የለውም። የሚከፍተው ስልኩ ራሱ ነው፤ የሚፈቅደው ደግሞ አምራቹ ነው። አልፈቅድም ካለ አለቀ። ሁዋዌ የመክፈቻ ኮድ መስጠት ያቆመው በ2018 ነው። ሻኦሚ ያመለክቱና ይጠብቁ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ለቀናት። በአሜሪካ ገበያ የተሸጡት ስናፕድራገን የሚባል ፕሮሰሰር ያላቸው ዘመናዊ የሳምሰንግ ጋላክሲዎች ላይ አማራጩ ሴቲንግ ውስጥ እንኳ አይታይም፤ ከዚያ የመጣ ስልክ ይዘው ሱቅ ለሱቅ የሚዞሩ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ጫማቸው ባላለቀ።

«ሩት ተደርጎ የተሰረዘ ፎቶ ይመለሳል»

እዚህ ላይ ነው ደሜ የሚፈላው። የሌላው ስህተት ጉዳት ቢበዛ ስልክ ነው፤ ይኼኛው ግን የማይተካ ነገር ያጠፋል።

ከላይ «ቡትሎደሩ እንዲከፈት ትእዛዝ ይላካል» ብዬ ያለፍኩት ቦታ ላይ ስልኩ ምን እንደሚል ልንገርዎት። ትእዛዙ ሲደርስ ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይወጣል፤ ከቀጠሉ የግል መረጃዎ በሙሉ ይደመሰሳል ይላል። በድምፅ ቁልፉ ወደ «ክፈት» ይወርዱና በማብሪያው ቁልፍ ያጸድቃሉ። በዚያች ቅጽበት ፎቶው፣ መልእክቱ፣ የተቀዳው ድምፅ ይሄዳል። ይህ ጉድለት ሳይሆን ታስቦበት የተሠራ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ስልክዎን የነጠቀ ሌባ ቡትሎደሩን ከፍቶ ጓዳዎን ባየ ነበር። ስለዚህ የጠፋ ፎቶ ለማግኘት ብሎ ሩት ማድረግ ማለት ያልጠፉትንም ጨምሮ ማጥፋት ማለት ነው።

«ከዚያ በኋላ የሪከቨሪ ፕሮግራም እናስኬዳለን» ይላሉ። በ2012 ቢሆን እሺ። ያኔ በብዙ ስልኮች ላይ ፋይል ሲሰረዝ ከማውጫው ስሙ ብቻ ይነሳና አካሉ ሌላ እስኪጻፍበት ይቆይ ነበር፤ የስልኩ ማከማቻም አልተመሰጠረም። በአንድሮይድ 10 የወጣ አዲስ ስልክ ሁሉ ግን መረጃውን የግድ ያመሰጥራል። እያንዳንዱ ፋይል የሚፈታበት መረጃ ከፋይሉ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ፋይሉ ሲሰረዝ መፍቻውም አብሮ ይሄዳል። ስልኩ በዚህ ላይ ሥራ ሲፈታ፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ቻርጅ ላይ ሳለ፣ የተሰረዘውን ቦታ ያጸዳል። ፕሮግራሙ ቢያገኝ የሚያገኘው ቁልፍ የሌለው ዝርክርክ ነው።

አንዲት እናት ቦታ ለማስለቀቅ ሲሉ የልጃቸውን የምርቃት ፎቶዎች ሰረዙ። ወደ አንድ ሱቅ ሄዱ፤ «ሩት አድርገን እናወጣልዎታለን» ተባሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ስልኩ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነበር፣ ቋንቋ ይምረጡ የሚለው። በፍላሽ ዲስክ የሰጧቸውን «የተመለሱ ፎቶዎች» ከፈትኩት፦ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥፍር የሚያካክሉ ሥዕሎች፣ የመተግበሪያ ምልክቶችና ስቲከሮች። አንድም ሰው የለበትም። የምርቃቱን ፎቶዎች ወደ ጎግል አስቀምጠው አያውቁም። ዱባይ ላለች እህታቸው ልከው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «በቴሌግራም ልኬላት ነበር» አሉ። ቴሌግራም የተለመዱ ውይይቶችን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ ነው፤ በስልክ ቁጥራቸው ስንገባ ለእህታቸው የላኳቸው ቁጭ ብለዋል። ያልላኳቸው ግን ቀሩ። የሚያናድደው፣ ስልኩ ሳይነካ መጥተው ቢሆን ኖሮ የጋለሪውን ቅርጫት ከፍቼ ሁሉንም ላገኝላቸው እችል ነበር፤ ከሰረዙ ገና ሳምንት አልሞላቸውም ነበር።

ስለዚህ ፎቶ ሲጠፋብዎ ይህን ያድርጉ። መጀመሪያ ቅርጫቱን ይዩ፦ የሳምሰንግ ጋለሪ የተሰረዘውን 30 ቀን ያቆያል፤ ጎግል ፎቶስ ወደ አካውንትዎ የተቀመጠውን 60 ቀን፣ ያልተቀመጠውን 30 ቀን ያቆያል። ከዚያ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕ፣ ኢሜይል፣ የላኩለት ሰው ስልክ። ፎቶው የነበረው በሜሞሪ ካርድ ላይ ከሆነ አዲስ ፎቶ ሳያነሱ ወዲያው ካርዱን ያውጡ፤ በተለመደው አሠራር ካርድ ስለማይመሰጠር በካርድ ማንበቢያ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ በሪከቨሪ ፕሮግራም የመመለስ ተስፋው ጥሩ ነው። ለዚህ ደግሞ ሩት ጨርሶ አያስፈልግም። ከእነዚህ በአንዱም ካልተገኘ፣ ሩት አድርጌ አወጣዋለሁ የሚልዎት ሰው ወይ አያውቅም ወይ ገንዘብዎን ፈልጓል።

«ስልኩ ሩት መደረጉን ከባንክ መተግበሪያ መደበቅ ይቻላል»

ለጊዜው ይቻል ይሆናል። መተግበሪያዎች ስልኩ ያልተነካካ መሆኑን የሚያጣሩበት የጎግል አገልግሎት አለ፤ ቀድሞ ሴፍቲኔት ነበር፣ አሁን ፕሌይ ኢንቴግሪቲ ተክቶታል። ሩት ሳይደረግ የቡትሎደሩ መከፈት ብቻውን ማጣሪያውን ለመውደቅ ይበቃል። የሚደብቁ መንገዶች ይወጣሉ፣ ጎግል ይዘጋቸዋል፣ ሌላ ይወጣል። ዛሬ የሠራልዎ መተግበሪያ ከማሻሻያ በኋላ አልከፍትም ሊል ይችላል፤ ያውም ደመወዝዎም፣ የመብራት ክፍያዎም፣ የልጅዎ ትምህርት ቤት ክፍያም ስልክዎ ውስጥ ባለበት ዘመን። ሩት መሞከር የሚያምርዎት ከሆነ መሳቢያ ውስጥ የተጣለ አሮጌ ስልክ ይፈልጉ።

«ካልተመቸኝ ሪሴት አድርጌ እመልሰዋለሁ»

ፋብሪካ ሪሴት የሚያጠፋው የእርስዎን መረጃ ነው። የተስተካከለው ቡት ኢሜጅ በሌላ የማከማቻ ክፍል ላይ ስለተጻፈ ንክችም አይለው። ለመመለስ የአምራቹ ንጹሕ ሶፍትዌር እንደገና መጫን አለበት። ሳምሰንግ ላይ ያም አይበቃም፦ የአምራቹ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን ኖክስ የሚባለው ጥበቃ ቺፑ ውስጥ ያለች ፊውዝ ያቃጥላል፤ 0 የነበረው ምልክት 1 ይሆናል፤ ወደ ኋላ መመለሻ የለውም። ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የሳምሰንግ የተቆለፈ ማህደር ከዚያ በኋላ ንጹሕ ሶፍትዌር ቢጫንም አይሠራም።

«ማንኛውም ኬብልና ኮምፒውተር ይሆናል»

ከስልክ ቻርጀር ጋር የሚሸጡ ርካሽ ኬብሎች ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መስመር ብቻ ናቸው፤ ስልኩ ይሞላል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያየውም። ሰው ድራይቨር ሲያወርድ ይውላል፣ ጥፋቱ ግን ኬብሉ ነው። ሌላ ፋይል በዚያው ኬብል ወደ ስልኩ ገልብጠው ካልሄደልዎ ይጣሉት። ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ላይ ደግሞ አይሥሩ፤ መብራት መቼ እንደሚሄድ እናውቃለንና። ፋይል በመጻፍ መካከል ኮምፒውተሩ ከጠፋ ስልኩ ሎጎ ላይ ይቀራል። ባትሪው የሚይዝ ላፕቶፕ፣ ስልኩም ከግማሽ በላይ ቻርጅ ያለው ይሁን። የስልኩን የመጀመሪያ ሶፍትዌር አስቀድመው አውርደው ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጡ፤ ስልኩ አልነሳ ካለ በኋላ በሞባይል ዳታ ብዙ ጊጋባይት ማውረድ የሚፈጀውን ጊዜና ብር ያውቁታል። ሥራው ሲያልቅም ስልኩ በተነሳ ቁጥር ቡትሎደሩ ተከፍቷል የሚለው ማስጠንቀቂያ አስጠላኝ ብለው ቡትሎደሩን መልሰው አይቆልፉ። የተነካካ ሶፍትዌር ይዞ የተቆለፈ ስልክ አይነሳም፤ ብዙዎቹንም ከዚያ በኋላ እኔም ላነሳቸው አልችልም።