«ከፍዬ ያሠራሁት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ዌብሳይቱ የእኔ ነው» እና ሌሎች የተሳሳቱ እምነቶች

ሥራዬ ለሰዎች ብሎግ ማቋቋም ነው። ዶሜይን (የዌብሳይቱን ስም) አስመዘግባለሁ፣ ሆስቲንግ (ሳይቱ የሚቀመጥበትን ቦታ) እመርጣለሁ፣ ዎርድፕሬስ የተባለውን የብሎግ መጻፊያ ሶፍትዌር እጭናለሁ፣ አስተካክዬ አስረክባለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አዲስ ከማቋቋም ይልቅ የጠፋ ፍለጋ በዝቶብኛል። የሚደውሉልኝ ሰዎች ታሪክ አንድ ዓይነት ነው። «ትናንት ይሠራ ነበር፣ ዛሬ ስከፍተው የለም።» «ዶሜይኑ በማን ስም ነው?» ስል መልሱም አንድ ነው። «በእኔ ነዋ! ከፍዬ ያሠራሁት እኔ አይደለሁ?»

የብዙ ሰው የዓመታት ልፋት በዚህ እምነት ምክንያት ሲጠፋ አይቻለሁ። ስለዚህ በሱ ልጀምር።

«ከፍያለሁ፣ ስለዚህ ዶሜይኑ የእኔ ነው»

አይደለም። የዶሜይን ባለቤት ገንዘቡን ያወጣው ሰው አይደለም። ጽሑፉን የጻፈውም አይደለም። ባለቤቱ በሬጅስትራሩ፣ ማለትም ዶሜይኑን በመዘገበው ድርጅት፣ መዝገብ ላይ ስሙና ኢሜይሉ የሰፈረው ሰው ነው። ክርክር ሲነሳ ድርጅቱ የሚያየው ያንን መዝገብ ነው። ሳይቱን ለሠራላችሁ ልጅ የላካችሁበትን የቴሌብር ደረሰኝ አያይላችሁም። በገዛ ገንዘባችሁ ቤት ሠርታችሁ ካርታውን በግንበኛው ስም እንደማውጣት ነው።

እኛ ጋ ነገሩ የሚብሰው በክፍያ ምክንያት ነው። አብዛኞቻችን ለውጭ ድርጅት የሚከፍል ካርድ የለንም። ስለዚህ ወይ ሳይቱን የሚሠራው ልጅ በራሱ መንገድ ይከፍላል፣ ወይ ዲሲ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ በካርዱ ይከፍልልናል። ሁለቱም ቅን ናቸው። ግን አካውንቱን የሚከፍቱት በራሳቸው ኢሜይል ነው። ዓመት ሲሞላ «አድሱ» የሚለው መልእክት የሚደርሰው ለእነሱ ነው። ልጁ ሥራ ቀይሯል፣ ያንን ኢሜይል ማየት ትቷል። የዘመድ ካርድ ጊዜው አልፏል፣ መልእክቱም ከመቶ ማስታወቂያ መሃል ተቀብሯል። እናንተ ምንም አልሰማችሁም። አንድ ቀን ጠዋት ሳይቱ የለም።

አንዲት እናት ስለ ልጆች አመጋገብ ለዓመታት ስትጽፍ ነበር። ጽሑፎቿ በእናቶች የቴሌግራም ግሩፖች ይዞሩ ነበር። ሳይቱን የሠራላት ልጅ ውጭ አገር ሄደ፣ ስልኩም ተቀየረ። እኔ ጋ ስትመጣ የዶሜይኑ ጊዜ ካለቀ ወራት አልፈው ነበር። ስሙን ሌላ ሰው ወስዶ የቁማር ማስታወቂያ ሞልቶበታል። እናቶቹ ያስቀመጡትን የድሮ ሊንክ ሲነኩ የሚከፈትላቸው ያ ነው። ከጽሑፎቿ የተወሰኑትን የድሮ ገጾችን ቅጂ ከሚያስቀምጠው ከኢንተርኔት አርካይቭ ለቅመን አወጣን። ስሙን ግን ማስመለስ አልተቻለም። ማንም አላታለላትም። ልጁም ሌባ አልነበረም። መዝገቡ በስሟ አልነበረም፣ በቃ።

የጊዜውን አቆጣጠር እወቁት። ዶት ኮም ጊዜው ባለቀበት ቀን ወዲያው አይጠፋም። ብዙዎቹ ሬጅስትራሮች ለተወሰኑ ሳምንታት በመደበኛው ዋጋ እንድታድሱ ይፈቅዳሉ፤ ጣሪያው 45 ቀን ነው። ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ አለ። በዚህ ጊዜ ግን የሚጠየቀው ገንዘብ የመደበኛው ብዙ እጥፍ ነው። ቀጥሎ ማንም የማይነካው 5 ቀን ይመጣል። ከዚያ ስሙ ለቀደመ ሁሉ ክፍት ነው። በ45 ቀኑም አትተማመኑ። አንዳንዱ ሬጅስትራር በዚያው ጊዜ ውስጥ ስሙን ለጨረታ ያቀርበዋል።

አሁን ምን ታደርጋላችሁ? አይካን፣ የዓለምን የዶሜይን ስሞች የሚያስተባብረው ድርጅት፣ ነፃ መፈለጊያ አለው። የሳይታችሁን ስም ስታስገቡ የትኛው ሬጅስትራር ጋ እንዳለና መቼ እንደሚያልቅ ያሳያችኋል። የባለቤቱ ስም አብዛኛውን ጊዜ ተሸፍኗል፤ እሱን ማየት የሚችለው አካውንቱን የያዘው ሰው ነው። ሬጅስትራሩን ካወቃችሁ እዚያው በራሳችሁ ኢሜይል አካውንት ክፈቱ። ልጁን «ወደ እኔ አካውንት አዛውርልኝ» በሉት። በአንድ ሬጅስትራር ውስጥ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። ወደ ሌላ ሬጅስትራር መሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ዶሜይኑ እንዳይዛወር የሚይዘውን እገዳ ያንሳላችሁና የማዛወሪያ ኮዱን ይስጣችሁ። ለዶት ኮም የምትከፍሉት የማዛወሪያ ገንዘብ በቀሪው ጊዜ ላይ አንድ ዓመት ስለሚጨምር አይባክንም። በቅርቡ የተመዘገበ ወይም የተዛወረ ዶሜይን ግን ብዙ ጊዜ ለ60 ቀን ያህል አይንቀሳቀስም። ይህን ሁሉ ከልጁ ጋር ደህና ሆናችሁ ሳለ አድርጉት። ከተጣላችሁ በኋላ የማዛወሪያ ኮድ መጠየቅ ከባድ ነው።

የምትከፍሉበት ካርድ የሌላ ሰው ቢሆን ግድ የለም። አካውንቱ የእናንተ ይሁን። ዲሲ ያለው ዘመዳችሁ የካርዱን ቁጥር ያስገባ፣ ኢሜይሉን አያስገባ። ደጋግሞ ማስቸገር ከከበዳችሁ የብዙ ዓመቱን በአንዴ ክፈሉ። ዶት ኮም እስከ 10 ዓመት ድረስ አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። አገርኛው ዶት ኢቲ ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም ሥር ነው የሚተዳደረው፤ ከላይ የጠቀስኳቸው ቀኖች እሱን አይመለከቱም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ባለሙያ ተብዬዎችም ይስቱታል። ለሬጅስትራሩ የምትሰጡት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ኢሜይል አይሁን። ዶሜይኑ ሲቆም ኢሜይሉም አብሮ ይቆማል። ያኔ ማስጠንቀቂያው የሚላከው ወደማይሠራ አድራሻ ነው። ጂሜይል ስጡ፣ ሁለተኛ የማረጋገጫ ደረጃ አብሩበት። አዲስ ስታስመዘግቡ የሚመጣላችሁን «ኢሜይልህን አረጋግጥ» የሚል መልእክትም አትለፉት። በ15 ቀን ውስጥ ካልተረጋገጠ ዶሜይኑ ሊታገድ ይችላል።

«ዶሜይን አንዴ ከተገዛ የዘላለም ነው»

ኪራይ ነው። ካላደሳችሁት ይሄዳል።

«ዶሜይን ገዝቻለሁ፣ ስለዚህ ዌብሳይት አለኝ»

የገዛችሁት ስም ነው። ጽሑፉና ፎቶው የሚቀመጥበት ቦታ ሆስቲንግ ይባላል፣ ሒሳቡም ለብቻው ነው።

«ፕሮግራሚንግ ሳልማር አይሆንልኝም»

ይሆንላችኋል። የፌስቡክ ፔጅ ማስተዳደር የቻለ ሰው ዎርድፕሬስ ላይ ለመጻፍ አይቸገርም።

«ዎርድፕሬስ ነፃ ነው፣ ምንም አልከፍልም»

ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣ ጀምሮ ነፃ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሁለት ዎርድፕሬስ አለ። ዎርድፕሬስ ዶት ኦርግ ሶፍትዌሩን አውርዳችሁ ራሳችሁ በመረጣችሁት ሰርቨር፣ ማለትም ሳይቱ በሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ ላይ የምትጭኑት ነው። ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ደግሞ አንድ ኩባንያ ሰርቨሩንም ጨምሮ የሚያቀርበው አገልግሎት ነው። ሰው የአንዱን መመሪያ እያነበበ ሌላኛው ላይ ይሞክርና «ፕለጊን መጫኛው የታለ?» ይለኛል፤ ፕለጊን ማለት ብሎጉ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ብሎጋችሁን ራሳችሁ ማስተዳደር የምትፈልጉ ከሆነ የእናንተ የመጀመሪያው ነው። ሆስቲንግና ዶሜይን ትከፍላላችሁ።

ስለ ክፍያው ደግሞ ትልቁን ጽሑፍ ብቻ አትዩ። ሆስቲንግ ሻጮች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ዓመት ቅናሽ ነው። የእድሳት ዋጋው ከሥር በትንንሹ ይጻፋል፣ ብዙ ጊዜም ከእጥፍ በላይ ነው። ሒሳቡ በዶላር መሆኑንም አስታውሱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። በአሮጌው ምንዛሪ አስበው የጀመሩ ስንቶቹ እድሳቱ ሲመጣ ተዉት። ስትጀምሩ የሁለተኛውን ዓመት ዋጋ ይዛችሁ አስሉ።

«ማከማቻው ያልተገደበ ነው»

ሁልጊዜ ገደብ አለው። የፋይል ብዛቱንና የሰርቨር አጠቃቀሙን ውሉ ውስጥ ፈልጉት።

«ባክአፕ መያዝ የሆስቲንጉ ሥራ ነው»

ውላቸውን አንብቡ። አብዛኞቹ ባክአፑን (መጠባበቂያ ቅጂውን) በትብብር እንጂ በኃላፊነት እንደማይዙ ጽፈውታል።

መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ውስጥ የኦቪኤች የመረጃ ማዕከል ተቃጠለ። ኦቪኤች በአውሮፓ ስመ ጥር ከሆኑት የሆስቲንግ ድርጅቶች አንዱ ነው። አንድ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ወደመ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾች ቆሙ። ሌላ ቦታ ባክአፕ የነበራቸው ሰዎች ተመለሱ። ባክአፓቸው እዚያው ግቢ የነበረባቸው ግን ሁለቱንም አጡ። በዚያ ደረጃ ያለ ድርጅት ላይ የደረሰ ነገር በርካሽ በተከራያችሁት ሰርቨር ላይ አይደርስም ብላችሁ አትቀመጡ።

ባክአፕ ማለት ከሆስቲንጉ ውጭ ያለ ቅጂ ነው። ጎግል ድራይቭም ይሁን ቤት ያለ ሃርድ ዲስክ፣ ከሰርቨሩ ይራቅ። ሁለት ነገር ይኑረው፦ ፋይሎቹና ዳታቤዙ። ጽሑፋችሁ ያለው ዳታቤዙ ውስጥ ነው። ፎቶ ብቻ ገልብጠው «ባክአፕ አለኝ» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቅጂውን አንድ ጊዜ ሌላ ቦታ ላይ መልሳችሁ ሞክሩት። በተለይ እኛ አማርኛ የምንጽፍ ሰዎች መሞከር አለብን። ዳታቤዙ ሲወጣ ወይም ሲገባ የፊደል አሠራሩ ዩቲኤፍ 8 ካልሆነ ጽሑፉ በሙሉ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል። አንዴ ጥያቄ ምልክት ሆኖ ከተቀመጠ ከዚያ ቅጂ ፊደሉን የሚመልስ የለም።

«የእኔን ትንሽ ብሎግ ማን ሊያጠቃው?»

ሰው አይደለም የሚያጠቃችሁ። ቀን ከሌት ኢንተርኔቱን የሚያስስ ፕሮግራም ነው። የብሎጋችሁን ስም አያውቅም፣ አንባቢ ቢኖራችሁ ባይኖራችሁ ግድ የለውም። ያልታደሰ ፕለጊንና ደካማ ፓስወርድ ይፈልጋል። ሲያገኝ ሰርቨራችሁን ለስፓም መላኪያ ይጠቀምበታል፣ ወይም አንባቢያችሁን ወደ ሌላ ሳይት ይመራል። ዎርድፕሬስ ከእትም 5.5 ጀምሮ ፕለጊኖች በራሳቸው እንዲታደሱ የማድረጊያ አማራጭ አለው። አብሩት። የማትጠቀሙበትን ፕለጊን ሰርዙ።

እኛ አገር ግን በብዛት የማየው በር ሌላ ነው። ዋጋ ያለውን ቴም፣ ማለትም የብሎጉን መልክ የሚወስነውን ጥቅል፣ ሰብረው በነፃ የሚያከፋፍሉ የቴሌግራም ቻናሎች አሉ። ሰው ከዚያ አውርዶ ይጭናል። የሰበረው ሰው ለምን በነፃ እንደሚሰጥ አይጠየቅም። ከከፈትኳቸው የዚህ ዓይነት ቴሞች ውስጥ የተደበቀ መግቢያ ያገኘሁባቸው አሉ፤ ፓስወርድ ብትቀይሩም የማይዘጋ መግቢያ። ዎርድፕሬስ ራሱ የሚያቀርባቸው ነፃ ቴሞች ለብሎግ ከበቂ በላይ ናቸው። እባካችሁ እነሱን ተጠቀሙ።

«የቁልፍ ምልክት ካለ ሳይቱ አስተማማኝ ነው»

ከሳይቱ አድራሻ አጠገብ የሚታየው ይህ ምልክት የሚለው በአንባቢውና በሰርቨሩ መካከል ያለው መልእክት መንገድ ላይ አይነበብም ነው። የአጭበርባሪ ሳይትም ምልክቱ አለው። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2023 የቁልፉን ሥዕል በሌላ የተካው ሰዎች ትርጉሙን ስለሚሳሳቱ ነው። ምልክቱን የሚያስገኘው ሰርተፊኬት ግን ያስፈልጋችኋል። ብዙ ገንዘብ የሚያስከፍላችሁ ሰው ካለ ደግሞ ጠይቁት። ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለማንም በነፃ ይሰጣል፣ አብዛኞቹ ሆስቲንጎችም በራሳቸው ያድሱታል።

«ጎግል ላይ ለመውጣት መክፈል አለብኝ»

አያስፈልግም። ሰርች ኮንሶል በተባለው የጎግል አገልግሎት ላይ ሳይታችሁን በነፃ አስመዝግቡና ጠብቁ። ከዚያ በፊት ዎርድፕሬስ የንባብ ቅንብር ውስጥ መፈለጊያዎች ሳይቱን እንዳያዩ የምትከለክለውን ሳጥን ተመልከቱ። ሳይቱ ሲሠራ ምልክት ይደረግባትና ትረሳለች።

«አማርኛ ለዌብሳይት አይመችም»

የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደላትን የሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስልኩም ኮምፒውተሩም ያነበዋል። የሚያስቸግራችሁ አሮጌው ሰነድ ነው። ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው እንደ ላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነበር። ብሎጉ ላይ ስትለጥፉት ትርጉም የሌለው ዝብርቅርቅ ይሆናል። በመቀየሪያ ወደ ዩኒኮድ መልሱት፣ ከዚያም አንድ ጊዜ በዓይናችሁ አንብቡት።

የሊንኩን ነገር ደግሞ ማንም አይነግራችሁም። ዎርድፕሬስ የአማርኛ ርእሳችሁን ወደ ሊንክ ሲቀይር አንዱ ፊደል 9 ምልክት ይወስዳል። የሚፈቅደው 200 ነው። ስለዚህ ርእሳችሁ 22 ፊደል ገደማ ላይ ይቆረጣል። ቴሌግራም ላይ ስታጋሩት ደግሞ ሁለት መስመር የሚሞላ የፐርሰንት ምልክት ሰንሰለት ሊሆን ይችላል። ጽሑፉን ከማውጣታችሁ በፊት የሊንክ ሳጥኑን ክፈቱና በላቲን ፊደል ሁለት ሦስት አጫጭር ቃላት ጻፉበት። ርእሱ በአማርኛ እንዳለ ይቀመጣል።